«ይህ ሰናመኪ ነው?» — የማናውቀውን የበረሃ አበባ ስለ መለየት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በሴሚስተሩ እረፍት ማብቂያ ላይ አንድ የጀማዓችን ወንድም ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ፣ የተሳፈረበት መኪና አዋሽ አካባቢ ጎማ ለመቀየር ቆመ። ሌላው ተሳፋሪ ጥላ ሲፈልግ እሱ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ እግሩን ያፍታታ ጀመር። በአሸዋማው መሬት ላይ ዝቅ ብሎ የተንሰራፋ፣ ቢጫ አበባ ያበበ ተክል አየ። ዙሪያው ሁሉ ደርቆ ይህ ብቻ ማበቡ ገረመው። ቅጠሉ ደግሞ ከቤት የሚያውቀውን ነገር አስታወሰው። «ሰናመኪ ነው» ብሎ ደመደመና ጥቂት ቅርንጫፎች ቆርጦ፣ በፌስታል ጠቅልሎ ኮልፌ 18 አካባቢ ወዳለው ቤታቸው ይዞት ገባ።

እናቱን የሆድ ድርቀት ያስቸግራቸዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት መድኃኒት ሰናመኪ ነው። «እማ፣ ሰናመኪ በነፃ አመጣሁልሽ» አላቸው። ውሃ ተጣደ። እኛም በዚያው ሰዓት በጀማዓው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የለጠፈውን ፎቶ እያየን ስም እናዋጣ ነበር። አንዱ «አዎ፣ ሰናመኪ ነው» አለ። አንዲት እህታችን «እኛ አገር ይህን ማንም አይጠጣውም» አለች። ሌላው ፎቶውን ለስልኩ መተግበሪያ ሰጥቶ የአንድ የግቢ ጌጥ ተክል ስም ይዞ መጣ። አራተኛው ፎቶውን ከፍቶ ሳያይ እንኳ «ማሻአላህ፣ እሱ ነው» ብሎ አረጋገጠ።

እሳቱን ያጠፉት እናቱ ራሳቸው ናቸው። ቀደም ሲል ከመርካቶ ገዝተው ያስቀመጡትን የደረቀ ሰናመኪ አውጥተው ከአዲሱ ቅጠል ጎን ዘረጉት። አየት አየት አደረጉና «የኔ ጫፉ ሹል ነው፤ ይኼ ክብ ነው። እስኪ ምን እንደሆነ መጀመሪያ አጣሩና ንገሩኝ» አሉ።

ዩኒቨርሲቲ የገባነው እኛ ስም ስንገምት፣ ቅጠሉን ከቅጠል ያስተያዩት እሳቸው ናቸው። ይህ ጽሑፍ «አጣሩ» ከተባልን በኋላ የተማርነው ነው።

ማጣራት ለምን አስፈለገ?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 6 ላይ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ፣ ሳናውቅ ሰው ጎድተን ኋላ እንዳንጸጸት ያዘናል። በሱረቱል ኢስራእ አንቀጽ 36 ላይ ደግሞ እውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል፣ ጆሯችንም፣ ዓይናችንም፣ ልባችንም ተጠያቂ መሆናቸውን ይነግረናል። እነዚህን አንቀጾች አብዛኞቻችን ስለ ሰው ወሬ ሲነገሩ ነው የሰማናቸው። ነገር ግን «ይህ ተክል እንዲህ ይባላል» ማለትም ወሬ ነው። ሰው አምኖት ሊጠጣው የሚችል ወሬ ነው።

የተክል ስም በፊቅህም ቦታ አለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመካ ሐረም ተክል እንዳይቆረጥ ሲያውጁ፣ አጎታቸው ዐባስ (ረ.ዐ) ሰዎች ለቤትና ለቀብር የሚጠቀሙበት ኢዝኺር የተባለ ሣር እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ፤ እሱም ተፈቀደ። ዘገባው በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። ኢዝኺርን ከሌላው ሣር መለየት የማይችል ሰው ይህን ፈቃድ ሊሠራበት አይችልም። ሁክሙ የተንጠለጠለው በመለየት ላይ ነው።

በአገራችን ደግሞ ከባድ ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ ጸዳ እምባ በተባለች መንደርና አካባቢዋ ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ፣ ጉበታቸው እየተጎዳ ይሞቱ ነበር። መንስኤው ለዓመታት ስላልታወቀ በሽታው «ያልታወቀ የጉበት በሽታ» ተብሎ ነበር የሚጠራው። በኋላ በተደረገ ምርመራ፣ አጄራተም ኮኒዞይደስ የሚባል ትንሽ ወይን ጠጅማ አበባ ያለው አረም ዘሩ ከእህል ጋር ተቀላቅሎ ይበላ እንደነበር ታወቀ። በውስጡ ያለው ፓይሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል ንጥረ ነገር ጉበትን ይጎዳል። ማንም ልብ የማይለው አበባ ነበር። ማንነቱና ጉዳቱ እስኪለይ ድረስ ግን ብዙ ቤት አዘነ።

አንድ ቅጠል፣ ሦስት ከተማ

የመጀመሪያው ትምህርታችን ስም ብቻውን አለመብቃቱ ነው። ሰናመኪ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን «የመካ ሰና» ማለት ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ደግሞ ሴና አሌክሳንድሪና ነው፤ «የእስክንድርያ ሰና» እንደማለት። እስክንድርያ የተባለው እዚያ ስለሚበቅል ሳይሆን፣ ከላይኛው የናይል አገር ተሰብስቦ ወደ አውሮፓ የሚጫነው በእስክንድርያ ወደብ ስለነበረ ነው። ሦስተኛ ዘመድ አላቸው፤ ሴና ኢታሊካ ይባላል፤ «የጣልያን ሰና» ማለት ነው። እሱም በአንድ ወቅት ጣልያን ውስጥ ይመረት ስለነበር እንጂ የአፍሪካና የእስያ በረሃ ልጅ ነው። ሁለቱንም ስሞች በዚህ መልክ የመዘገባቸው እ.ኤ.አ. በ1768 ፊሊፕ ሚለር የተባለ የለንደን የአትክልት ባለሙያ ነው።

መካ፣ እስክንድርያ፣ ጣልያን። ተክሎቹ ግን አፋርም፣ ሶማሌም ምድር ላይ ይበቅላሉ። ስሙ የነጋዴውን መንገድ እንጂ የተክሉን መልክ አይነግረንም። አገርኛ ስምም እንዲሁ ነው። አንዱ ስም በአንዱ ወረዳ ለአንድ ተክል፣ በሌላው ወረዳ ለሌላ ተክል ይውላል። አንዱ ተክል ደግሞ ብዙ ስም ይኖረዋል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ መሬቱን የወረረው ፓርቴኒየም በአማርኛ ቅንጭ አረም፣ በኦሮምኛ ደግሞ ፈረምሲሳ ይባላል። ስሞቹን ብቻ የሰማ ሰው ሁለት የተለያዩ አረሞች ሊመስሉት ይችላሉ።

ሰና በሐዲስም ተጠቅሷል። ቲርሚዚና ኢብን ማጃህ በዘገቡት መሠረት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስማእ ቢንት ዑመይስን (ረ.ዐ) ሆዷን ለማለስለስ በምን እንደምትጠቀም ጠየቋት። ሹብሩም የተባለውን ተክል ስትነግራቸው እሱ የሚያቃጥል ብርቱ መሆኑን ገለጹላት፤ ከዚያ በኋላ በሰና ተጠቀመች፤ እሳቸውም ሰናን አወደሱ። አስማእ ከባለቤቷ ከጃዕፈር (ረ.ዐ) ጋር ወደ አገራችን ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት አንዷ ናት። የሐዲስ ሊቃውንት በዘገባው ሰነድ ጥንካሬ ላይ ተነጋግረዋል። እኛ እዚህ የምናነሳው አንድ ነገር ለማየት ነው፤ ሁለቱም ተክሎች ሆድ ያለሰልሳሉ፤ ግን አንድ አይደሉም። «ያው ነው» አልተባለም።

ሰነድና መትን፣ በተክል ላይ

ሁለተኛው ትምህርታችን ከራሳችን ታሪክ ነው። አቡል ዐባስ አን-ነባቲ (561–637 ሂጅራ) የሴቪል ሰው ነበሩ። የሐዲስ ሊቅም፣ የዕፅዋት ሊቅም ነበሩ። ሐጅ ለማድረግ ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ በሰሜን አፍሪካ፣ በግብፅ፣ በሒጃዝ፣ በሻምና በኢራቅ ያዩትን ተክል መዝግበዋል። በሐዲስ ትምህርት «ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ሰማ? በዓይኑ አይቷል?» ተብሎ እንደሚጠየቀው፣ ስለ መድኃኒት ተክልም ያዩትን ከሰሙት፣ የተረጋገጠውን ካልተረጋገጠው ለዩ። ተማሪያቸው ኢብኑል በይጣርም (በ646 ሂጅራ ደማስቆ ላይ ያረፉት) በዚያው መንገድ ሄደው፣ ወደ 1400 የሚጠጉ መድኃኒቶችና ምግቦች የሰፈሩበትን ትልቅ መዝገብ አዘጋጁ። ከአንደሉስ እስከ ሻም ድረስ ተክሉን በበቀለበት ቦታ ሄደው ያዩ ነበር።

በመድረሳ ሐዲስ ሰነድና መትን እንዳለው ተምረናል። ሰነዱ የተናጋሪዎቹ ሰንሰለት ነው፤ መትኑ የንግግሩ ይዘት ነው። አንድን ተክል ስንለይም ሁለቱንም እንፈልጋለን። ሰነዱ፦ ከየት ተቆረጠ? መቼ? ማን ቆረጠው? ስሙን ማን ነገረን? መትኑ፦ ተክሉ ራሱ፣ ቅጠሉ፣ አበባው፣ ፍሬው ምን ይመስላል? በዚያ ማታ ቴሌግራም ላይ የነበረን አንድ ፎቶና አራት ወሬ ነበር። ሰነዱም ጎዶሎ፣ መትኑም ጎዶሎ ነበር።

ደረጃ በደረጃ

በማግስቱ ከዙህር በኋላ ፌስታሉን ይዘን ተቀመጥን። የምህንድስና ተማሪ ፍሎው ቻርት ያውቃል፤ እያንዳንዱ ጥያቄ «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ ይመለሳል፤ መልሱ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ይወስዳል። የዕፅዋት ሊቃውንት የመለያ ቁልፍም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ 6000 ያህል የከፍተኛ ዕፅዋት ዓይነት አለ። እያንዳንዱ ጥያቄ የቀረውን በትክክል ለሁለት ቢከፍል ኖሮ 13 ጥያቄ ይበቃ ነበር፤ ምክንያቱም 2 በ13 ሲባዛ ሳይሆን 2 ራሱን 13 ጊዜ ሲያበዛ 8192 ይሆናል። በተግባር ጥያቄዎቹ እኩል አይከፍሉም፤ ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው። መገመት ትተን መጠየቅ ጀመርን።

አንደኛ፣ የት ነበር፣ እንዴትስ ይቆም ነበር? አዋሽ ወደ 1000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሞቃትና ደረቅ አገር ነው። ኮልፌ ከ2400 ሜትር በላይ ነው። ይህ ብቻውን ብዙ የደጋ ተክል ከዝርዝሩ ያወጣል። ወንድማችን ተክሉ ከጉልበቱ በታች እንደነበረ፣ ቅርንጫፎቹም መሬት ላይ እንደተዘረጉ አስታወሰ። ፎቶው ላይ አበባው ብቻ በቅርብ ስለተነሳ ይህ አይታይም ነበር።

ሁለተኛ፣ ቅጠሉ። አንድ ቅጠል የመሰለን ነገር በአንድ ዘንግ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተደረደሩ ትንንሽ ቅጠሎች ናቸው። ጥንዶቹ አምስት ነበሩ፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ ለብቻዋ የቆመች ቅጠል የለችም። ይህ የሰና ወገኖች ምልክት ነው። የትንንሾቹ ቅጠሎች ጫፍ ክብ ነው። የእናታችን ሰናመኪ ግን እንደ ጦር ጫፍ ሹል ነው። ዘንጉ ግርጌ ላይ እጢ እንዳለም አየን፤ የለም።

ሦስተኛ፣ አበባው። አምስት ቢጫ ፔታል አለው፤ እኩል አይደሉም። አተርና ባቄላ የዚህ ተክል የሩቅ ዘመድ ናቸው፤ ሆኖም አበባው እንደ እነሱ አበባ የቢራቢሮ ቅርጽ የለውም፤ ክፍት ነው። መሐሉ ላይ ያሉት የወንዴ ዘር አካላት ትልቅና ትንሽ ናቸው። ይህም ሰና መሆኑን ያጠናክራል። ነገር ግን ሦስቱም የሰና ዘመዶች ቢጫ አበባ አላቸው። በአበባው ብቻ ብንወስን ኖሮ ተሳስተን ነበር። ዓይን የሚስበው አበባው ነው፤ ልዩነቱ ያለው ግን ዓይን በማይስበው ላይ ነው።

አራተኛ፣ ፍሬው። ደግነቱ ወንድማችን የቆረጠው ቅርንጫፍ የፍሬ ከረጢት ነበረው። ፍርዱ የተሰጠው እዚህ ላይ ነው፦

የሰናመኪ (ሴና አሌክሳንድሪና) ከረጢት ጠፍጣፋ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ከ4 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሚረዝምና 2 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚሰፋ ነው። በትንሹ ቢታጠፍም ሰፊና ቀጥ ያለ ይመስላል።

የሴና ኢታሊካ ከረጢትም ጠፍጣፋ ነው፤ ግን እንደ ጨረቃ ጎብጧል። በመሐሉ፣ ዘሮቹ ባሉበት ላይ፣ ከፍ ከፍ ያለ ሸንተረር ይሄዳል። ጣት ሲያልፍበት ይታወቃል።

የሴና ኦክሲደንታሊስ ከረጢት ቀጭንና ረጅም ነው፤ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ተክሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቅጠሉ ሲታሽ ይሸታል፤ ዘንጉ ግርጌ ላይ ጎላ ያለ እጢ አለው። ከአሜሪካ አህጉር የመጣ አረም ሲሆን በአገራችንም በመንገድ ዳርና በተተወ መሬት ላይ ይገኛል።

የእኛው ጎባጣ ነው፤ ሸንተረሩም በጣት ይዳሰሳል። ቅጠሉ ጫፉ ክብ ነው። መሬት ላይ የተንሰራፋ ነው። ሴና ኢታሊካ ነው። ለሰናመኪ ዘመድ ነው፤ ሰናመኪ ግን አይደለም።

አምስተኛ፣ አትቅመሱ። «ቀምሼ ልየው» የሚባለው ነገር ይቅር። የማናውቀውን ተክል በዓይን፣ በጣትና በጥንቃቄ በማሽተት እንጂ በምላስ አንፈትንም። ነጭ ወተት የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ጣትም ይታጠብ፤ ዓይን አይነካ።

ዘመድ ከሆነ ምን ችግር አለው?

ይህን ጥያቄ ከመሐላችን አንዱ ጠይቋል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሰናመኪ የሚሠራው ሴኖሳይድ በሚባሉ ንጥረ ነገሮች ነው። እነዚህ ትልቁ አንጀት ሲደርሱ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ይለውጧቸውና አንጀቱ እንዲንቀሳቀስ ያደርጋሉ። ስለዚህ ውጤቱ ወዲያው ሳይሆን ከ6 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ይመጣል። ይህን የማያውቅ ሰው «አልሠራም» ብሎ ይደግማል፤ ሌሊቱን ይሰቃያል። ሴና ኢታሊካም የሚያስቀምጥ ነገር አለው፤ መጠኑ ግን የተለየ ስለሆነ በለመዱት ልክ ማፍላት መገመት ነው። ትክክለኛው ሰናመኪ እንኳ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ቢወሰድ ከሰውነት ፖታሲየም ያሳጣል።

ሴና ኦክሲደንታሊስ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። በሰሜን ሕንድ፣ በምዕራብ ኡታር ፕራዴሽ፣ ለዓመታት በየክረምቱ ብርድ ሕፃናትን በድንገት ይገድል የነበረ በሽታ የአንጎል ቫይረስ ይመስል ነበር። ሐኪሞች ሲያጣሩ ልጆቹ የዚህን ተክል ፍሬ በጨዋታ ላይ ሲበሉ እንደነበር ደረሱበት። ጉበትን፣ ጡንቻንና አንጎልን ይጎዳል። ያም «የሰና ዘመድ» ነው፤ አበባውም ያው ቢጫ ነው።

ስልኩስ?

መተግበሪያውን መውቀስ አንፈልግም፤ ይጠቅማል። ግን ምን እንደሚሠራ እንወቅ። በብዙ ፎቶዎች ሠልጥኗል፤ የእኛን ፎቶ አይቶ ካየው ሁሉ ይበልጥ የሚመስለውን ይመርጣል። ብዙ ፎቶ የተነሳለት የአትክልት ቦታ ተክል ከአፋር በረሃ ተክል ይልቅ ዕድሉ ይሰፋል። መልሱን መነሻ እንጂ መድረሻ አናድርገው። ፎቶ ስናነሳም አራት እናንሳ፦ ሙሉውን ተክል ከነመሬቱ፣ ቅጠሉን ከፊትና ከጀርባ፣ አበባውን፣ ፍሬውን። መጠኑ እንዲታወቅ ጎኑ እስክሪብቶ ይቀመጥ።

ኢማሙ ማሊክ (ረሒመሁላህ) ለብዙ ጥያቄ «አላውቅም» ብለው በመመለሳቸው ይታወሳሉ። በዚያ ማታ ከመሐላችን «አላውቅም» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ልናፍርበት የሚገባው ይህ ነው።

ናሙና ማድረቅና መጠየቅ

እርግጠኛ ለመሆን ተክሉ እንዳይበላሽ ማድረቅ ያስፈልጋል። ዘዴው ቀላል ነው። አበባ፣ ቅጠልና ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሐል ይዘረጋል፤ አንዳንድ ቅጠል ጀርባው እንዲታይ ይገለበጣል። ከላይ ከባድ መጻሕፍት ይጫንበታል፤ ጋዜጣው በየቀኑ ይቀየራል። (ቁርኣንና የሐዲስ ኪታብ ለክብደት አይሁን፤ የካልኩለስ መጽሐፍ ይበቃል።) በሳምንት ገደማ ይደርቃል።

ከዚያ ወረቀት ላይ ሰነዱ ይጻፋል፦ ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ የመሬቱ ዓይነት፣ ተክሉ ትኩስ እያለ የነበረው ቀለም፣ የቆረጠው ሰው፣ አገርኛ ስሙና ስሙን የነገረን ሰው። ይህ ወረቀት ከሌለ የደረቀው ተክል ሰነድ እንደሌለው ዘገባ ነው፤ ደስ ቢልም ማስረጃ አይሆንም።

ማመሳከሪያም አለን። «ፍሎራ ኦፍ ኢትዮጵያ ኤንድ ኤርትራ» የተባለው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀ ሲሆን በ8 ቅጽ፣ በ10 መጻሕፍት ታትሟል። የአተርና የባቄላ ወገኖች፣ ሰናም ጭምር፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመው 3ኛ ቅጽ ላይ ይገኛሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተ ሲሆን ከ80 ሺህ በላይ የደረቁ ናሙናዎች ይዟል። እያንዳንዱ ናሙና የቆራጩን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን የያዘ ወረቀት አለው። ሰነድና መትን አብረው የተቀመጡበት ቤት ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ከብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ተክል አይቆረጥም። ከፓርክ ውጭም ቢሆን በአካባቢው አንድ ብቻ ካለ ፎቶ አንስተን እንተወው።

በስም ማወቅ ያለብን ሌሎች

ወደ ቆላ የምንወርድ ሦስት ተክል ብናውቅ መልካም ነው። «የበረሃ ጽጌረዳ» የሚባለው አዴኒየም ግንዱ ያበጠ፣ አበባው ሮዝ የሆነ በጣም የሚያምር ተክል ነው። ከጽጌረዳ ጋር ግን ዝምድና የለውም፤ ፈሳሹ ልብን የሚጎዳ መርዝ ስላለው በምሥራቅ አፍሪካ ለቀስት መርዝነት ሲያገለግል ኖሯል። ጦቢያ ሰፋፊ አመድማ ቅጠልና ነጭና ወይን ጠጅ አበባ አለው፤ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። ሦስተኛው ለማየት ቆላ መውረድ አያስፈልግም። አስተናግር እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ በቆሻሻ መድፊያና በባዶ መሬት ዳር ይገኛል፤ አበባው እንደ መለከት፣ ፍሬው እሾሃማ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የበላውን ሰው ያስቀባጥራል፤ ሊገድልም ይችላል። ለታናናሽ እህትና ወንድሞቻችን እናሳያቸው።

መለማመድ ለሚፈልግ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ቅርባችን ነው፤ ከፊሉ በክፍለ ከተማችን ውስጥ ነው። የበረሃ ተክል ባይሆንም ቅጠልን ከቅጠል ማስተያየት እዚያ ይለመዳል። ሳይቆርጡ ማየት ብቻ።

ማጠቃለያ

ያገኘነውን ለእናታችን ልንነግር ሄድን። «እማ፣ የሰናመኪ ዘመድ ነው እንጂ ሰናመኪ አይደለም» አላቸው ልጃቸው። «ጫፉ ክብ ነው ብዬሽ ነበር» ይመስል ፈገግ አሉ። ስለ ሆድ ድርቀታቸውም ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲታዩ ተስማሙ፤ ምክንያቱም ለዓመታት የቆየ ድርቀት በራሱ ምክንያቱ መታወቅ ያለበት ነገር ነው። እሱም ስም ይፈልጋል።

ቅርንጫፉ አሁን በጋዜጣ መሐል ደርቋል። ወረቀቱ ላይ ቀኑ፣ ቦታው፣ የቆረጠው ሰው ስም ተጽፏል። «በመጀመሪያ የተጠረጠረው፦ ሰናመኪ። ልዩነቱን በመጀመሪያ ያየችው፦ የቆራጩ እናት» የሚልም አለበት።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ሹዐራእ አንቀጽ 7 ላይ ምድርን እንድንመለከት፣ በውስጧ ስንት መልካም ዓይነት እንዳበቀለ እንድናይ ይጠይቀናል። ዓይነቱን ለማየት አንዱን ከአንዱ መለየት ግድ ነው። እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ እህት ወይም ወንድም የማናውቀውን አበባ ፎቶ ሲልክልን፣ የመጀመሪያ መልሳችን ስም አይሁን። «ፍሬውን አሳየን፤ ከየት ነው?» እንበል። ካላወቅን «አላውቅም» እንበል፤ ከዚያ አብረን እናጣራ፤ ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።